የጠገብነው በሆዳችን ነው ወይስ በሳህናችን?

ባለፈው ወር አንድ እሁድ እናቴ ቤት ምሳ ተሰብስበን ነበር። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ለእሷ በራሷ ሳህን ፍርፍር ተደረገላት። ግማሹን ያህል በላችና እጇን ሰበሰበች። «ጠገብኩ» አለች።

እናቴ አላመነቻትም። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ብላ አጎረሰቻት። «ይቺ ደግሞ የአባባ ናት» አለች። ቀጥሎ የአጎት ጉርሻ መጣ። የአክስትም መጣ። ልጅቷ አፏን እየከፈተች ሁሉንም ተቀበለች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ቤቱ በሙሉ አጨበጨበላት። «ጎበዝ! ጨረሰች!»

እኔም አጨብጭቤያለሁ። ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልጅቷ መጥገቧን በራሷ አውቃ ነበር። ነግራናለችም። እኛ ግን ከእሷ ቃል ይልቅ ሳህኑን አመንን። ጎበዝ ያልናት ስለጠገበች አይደለም፤ ሳህኑ ስላለቀ ነው።

ይሄ ጉዳይ ከሃያ ዓመት በላይ ሲጠና ቆይቷል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሰው ገበታ ላይ ሲቀርብ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ምንድን ነው? አብዛኞቻችን «ረሃቡ ነዋ!» እንላለን። የራበው ብዙ ይበላል፣ ያልራበው ትንሽ። እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የቀረበልን ምግብ ብዛትም ይወስናል። ብዙ ከቀረበ ብዙ እንበላለን። ያውም ሳይታወቀን።

በዚህ ጉዳይ ቀድሞ የሚነሳው ስም ባርባራ ሮልስ ነው። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት በጣም ቀላል ነው። እኔም የምወደው ለዚሁ ነው። 51 ሴቶችና ወንዶች በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአራት ሳምንት፣ እየመጡ ምሳ በሉ። ምግቡ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ማካሮኒ በቺዝ። የሚለያየው መጠኑ ብቻ ነው። አንዱን ቀን 500 ግራም፣ ሌላውን ቀን 625፣ ሌላውን ቀን 750፣ ሌላውን ቀን ደግሞ አንድ ኪሎ። ጨርሱ ያላቸው የለም። የፈለጉትን ያህል በልተው የቀረውን መተው ይችላሉ።

የቀረበው በጨመረ ቁጥር የሚበሉትም ጨመረ። አንድ ኪሎ በቀረበላቸው ቀን፣ ግማሽ ኪሎ ከቀረበላቸው ቀን 30 በመቶ ያህል አስበልጠው በሉ። ይሄ በካሎሪ 162 ነው። ካሎሪ ምግቡ ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል የሚለካበት ነው፤ የማንጠቀምበት ሲተርፍ ስብ ሆኖ ይቀመጣል።

እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሌላው ነው የገረመኝ። ሰዎቹ ከበሉ በኋላ «ምን ያህል ጠገባችሁ?» ተብለው ተጠይቀዋል። መልሳቸው በአራቱም ቀን ተመሳሳይ ነበር። ብዙ የበሉበት ቀንም፣ ትንሽ የበሉበት ቀንም እኩል ጠግበዋል። የምግቡ መጠን ከሳምንት ሳምንት እንደሚለያይ ያስተዋሉት ደግሞ ከግማሽ በታች ነበሩ። አንድ ኪሎና ግማሽ ኪሎ! አንድ ነገር ልጨምር። ከፊሎቹ ምግቡ በሳህን ተለክቶ ነው የቀረበላቸው። ሌሎቹ ግን ከትልቅ ዕቃ ላይ ራሳቸው እየጨለፉ ነው የበሉት። ውጤቱ ላይ ለውጥ አልነበረውም። ራሳችን ስናነሳም ዓይናችን ያረፈበት ብዛት ይመራናል ማለት ነው።

«እሱ ላቦራቶሪ ነው፣ ሰው እንደ ቤቱ አይበላም» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹም ይህን ስላሰቡ ወደ አንድ እውነተኛ ምግብ ቤት ሄዱ። ጥናቱ በ2004 ነው የወጣው። አንድ የፓስታ ምግብ መረጡ። አንዳንድ ቀን በተለመደው መጠን ይቀርባል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በ50 በመቶ ተጨምሮ። ዋጋው ያው ነው። ለገዢው የሚነገር ነገር የለም። ብዙ የቀረበላቸው ሰዎች ከፓስታው 43 በመቶ የሚበልጥ ካሎሪ በሉ። ከፓስታው ጋር ያዘዙት ሌላው ምግብ ሁሉ ሲደመር ደግሞ በ25 በመቶ በለጠ። ስለዚህ በዳቦው ወይም በጣፋጩ ቀንሰው አላካካሱትም። «የምግቡ መጠን እንዴት ነበር?» ሲባሉ ሁለቱም ወገኖች ልክ ነው አሉ። ትንሹም ልክ ነው፣ ትልቁም ልክ ነው።

ሌላም መከራከሪያ አለ። ምሳ ላይ የበዛበት ሰው እራት ላይ ይቀንሳል፣ ዛሬ የበዛበት ነገ ይቀንሳል፣ ሰውነት ራሱን ያስተካክላል ይባላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። በ2007 የወጣ ጥናት ይህን ፈተሸው። 23 ሰዎች የ11 ቀን ምግባቸው በሙሉ ቀረበላቸው፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ መክሰስ። አንድ ዙር በተለመደው መጠን። ከዚያ ሁለት ሳምንት እረፍት። ሌላ ዙር ደግሞ ያው ምግብ በ50 በመቶ ተጨምሮ። በሁለተኛው ዓይነት ዙር በቀን በአማካይ 423 ካሎሪ አስበልጠው በሉ። ይህ ለብዙ ሰው እንደ አንድ ቀለል ያለ ምግብ ነው። በ11 ቀን ከ4,600 ካሎሪ ያልፋል። ከቀን ቀን እየቀነሰ የመጣ ነገርም የለም። በአሥራ አንደኛውም ቀን ሰውነት «ይበቃል፣ ሰሞኑን አብዝተናል» አላለም።

እጥፍ ከቀረበ እጥፍ ይበላል ማለት ግን አይደለም። በ2014 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምሮ ያሰላ ሥራ ወጥቷል። በዚያ መሠረት የምግቡ መጠን በእጥፍ ሲያድግ የሚበላው በአማካይ በ35 በመቶ ያድጋል። መጠኑ እየገዘፈ ሲሄድ ጭማሪው እየደከመ ይመጣል። መቼስ ሆድም ዳርቻ አለው።

ታዲያ ለምን እንዲህ ይሆናል?

የመጀመሪያው ምክንያት ሆዳችን በትክክል የሚለካ ሚዛን አለመሆኑ ነው። ምግብ ሲገባ ጨጓራ ይለጠጣል። መለጠጡን ቬገስ የሚባለው ነርቭ ወደ አንጎል ያደርሳል። ምግቡ ወደ አንጀት ሲወርድ ደግሞ አንጀት ሆርሞኖችን ይለቃል። ከእነሱ አንዱ ጂኤልፒ-1 ይባላል። አሁን ስሙ በየቦታው የሚነሳው ኦዜምፒክ የተባለው መድኃኒት የዚህን ሆርሞን ሥራ ነው የሚሠራው። እነዚህ መልእክቶች ሁሉ ጊዜ ይፈልጋሉ። እስኪደርሱ ድረስ ብዙ ጉርሻ ይወርዳል።

ደግሞ «ርቦኛል» በሚለውና «ሊፈነዳ ነው» በሚለው መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ሰውነት ብዙም አይናገርም። አምስት ጉርሻ ቢጨመር ቅር አይለውም። አምስት ቢቀነስም አይራብም። ዝም ሲል ታዲያ የሚወስነው ሌላ ነገር ይመጣል። ሳህኑ አለቀ ወይስ አላለቀም? ሌሎቹ እየበሉ ነው ወይስ ተነሡ?

ሁለተኛው ምክንያት የ«አንድ» ነገር ነው። አንድ ነገር ሙሉ ሆኖ ሲቀርብልን የአንድ ሰው ድርሻ ይመስለናል። አንድ ሳንዱች፣ አንድ ፓኬት ብስኩት፣ አንድ ጠርሙስ። እዚህ እኛ አገር ለስላሳ የሚጠጣው በ300 ሚሊ ሊትር የመስታወት ጠርሙስ ነበር። አሁንም አለ። የግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ ሲመጣ «አንድ ለስላሳ» የሚለው ቃል አልተቀየረም። ውስጡ ያለው ግን ተቀየረ። ግማሽ ሊትሩን ከፍቶ 300 ላይ ሲደርስ የሚከድን ሰው አይቼ አላውቅም። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይብሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ወደ 190 ሚሊ ሊትር ነበር የሚይዘው። ዛሬ በየሱቁ ያለው ፕላስቲክ ወደ 590 ይይዛል። ሦስት እጥፍ ነው። ስሙ ግን አሁንም «አንድ» ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ነው፤ ትውስታ። መጥገብ የሆድ ብቻ ሳይሆን የማስታወስም ጉዳይ ነው። ፖል ሮዚን የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1998 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ሥራ አለ። አንጎላቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አሁን የሆነውን ነገር ጥቂት ቆይተው አያስታውሱትም። ምሳ ቀረበላቸው፤ በሉ። ዕቃው ተነሣ። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ምሳ ቀረበ። እንደገና በሉ። ሦስተኛ ሲቀርብም ብዙውን ጊዜ ጀመሩት። ሆዳቸው ሞልቷል። መብላታቸውን ግን አያስታውሱም።

እንግሊዝ፣ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ፣ ጄፍ ብሩንስትሮምና ባልደረቦቻቸው ይህን በጤነኛ ሰዎች ላይ ሞከሩ። ጥናቱ የወጣው በ2012 ነው። አሠራሩ ብልህነት ያለበት ስለሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ጠረጴዛ ላይ የሾርባ ሳህን አለ። ከሳህኑ ሥር ተጠቃሚው የማያየው ቱቦ ተያይዟል። ቱቦው ከፓምፕ ጋር የተገናኘ ነው። ሰውየው በማንኪያ ሲጠጣ ፓምፑ ቀስ ብሎ ሾርባ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አይታወቅም። 100 ሰዎች ተካፈሉ። ግማሾቹ 300 ሚሊ ሊትር አዩ፣ ግማሾቹ 500። ነገር ግን 300 ካዩት ውስጥ ከፊሎቹ የጠጡት 500 ነው። 500 ካዩት ውስጥም ከፊሎቹ የጠጡት 300 ነው።

ልክ እንደጨረሱ «ምን ያህል ርቧችኋል?» ተባሉ። ያኔ መልሳቸው በጠጡት ልክ ነበር። ብዙ የጠጣው ጠግቧል። ሆድ እውነቱን ተናገረ። ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያኔ ረሃባቸው የተመራው በጠጡት ሳይሆን ባዩት ነው። 500 ያየ ሰው፣ የጠጣው 300 ቢሆንም እንኳ፣ 300 ካየው ሰው ያነሰ ራበው። ምሳ ላይ ዓይናቸው የመዘገበውን ነው ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው የነገራቸው።

ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ቲቪ እያዩ መብላትን በሌላ ዓይን ነው የማየው። ዓይኑ ስልክ ላይ የተተከለ ሰው ምሳውን በሆዱ ይቀበለዋል እንጂ አይመዘግበውም። አሥር ሰዓት ላይ «ምነው ዛሬ ቶሎ ራበኝ?» ማለቱ አይቀርም።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ሮልስና ባልደረቦቻቸው በ2000 ያሳተሙት ጥናት የመጀመሪያውን ታሪኬን በቀጥታ ይነካል። ለሦስት ዓመትና ለአምስት ዓመት ልጆች ማካሮኒ በቺዝ በተለያየ መጠን አቀረቡ። የሦስት ዓመቶቹ ቢበዛላቸውም ባይበዛላቸውም የሚበሉት ያው ነው። የሚሰሙት ሆዳቸውን ነው። የአምስት ዓመቶቹ ግን ብዙ ሲቀርብላቸው ብዙ በሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው። በኋላ የመጡ ጥናቶች ትንንሾቹ ልጆችም አንዳንዴ በመጠን እንደሚሳቡ አሳይተዋል። ስለዚህ ሦስት ዓመት ላይ ጥርት ያለ መስመር አለ አልልም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ሕፃን ሲጠግብ ጡት ይለቃል፣ ፊቱን ያዞራል። ካደገ በኋላ ነው ከሆዱ ውጭ ያለውን ምልክት ማየት የሚለምደው። የሚያስለምዱት ደግሞ እኛ ነን። «ጨርስ»፣ «አንጀቴን አታሳርረው»፣ «ጎበዝ»።

እናቴን ልወቅሳት አይደለም። የእሷ ትውልድ እህል ሲጠፋ አይቷል። ልጅ የሚበላበትን ቀን እንደ በረከት የሚቆጥር ሰው «ጠገብኩ» ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ዛሬም ሳህኑ የማይሞላለት ብዙ ወገን አለን። ለዚያ ሰው «የምግብህን መጠን ቀንስ» ማለት ግፍ ነው። እኔ የምጽፈው ጠረጴዛው ለሞላለት ቤት ነው። ስኳርና ግፊት የገቡበት፣ ሐኪም «ምግብ ቀንሱ» ብሎ የላከው፣ እንዴት እንደሚቀንስ ግን ማንም ያላስረዳው ቤት ብዙ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሳህን ነው። የእኛ ማዕድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳህን አይደለም፤ ትሪ ነው። ይሄ ነገሩን ያወሳስበዋል። ሳህን ላይ ቢያንስ የራስህን ድርሻ ታያለህ። ትሪ ላይ የእኔ ድርሻ ከየት ጀምሮ የት ያበቃል? ማንም አያውቅም። የበላኸውን ለመቁጠር ብትፈልግ እንኳ አትችልም። ለትውስታህ የሚተርፍ መጠን የለም።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አስተዋልኩ። አራት ሆነን ነው የምንበላው። መጀመሪያ ወጡ አለቀ። እንጀራው ግን ተርፏል። «ወጥ ጨምሩበት እንጂ፣ እንጀራው ሊቀር ነው» ተባለ። ጭልፋው መጣ። ከዚያ እንጀራው አለቀ፤ ወጡ ተረፈ። «ኧረ ወጡ ይቅር? አንድ ጥቅል እንጀራ አምጪ» ተባለ። መጣ። ቀጥሎ እንደገና ወጡ አነሰ። በዚህ ሁሉ ውስጥ «ርቦኛል» ያለ ሰው አልነበረም። እንጀራው ለወጡ፣ ወጡ ለእንጀራው ነው የተጨመረው። በመጨረሻ ሁላችንም እጃችንን ሰብስበን ወሬ ይዘናል። ጨዋታው መሀል ግን ከሥር የተነጠፈውን፣ ወጡን የጠጣውን እንጀራ ከየጎናችን ቆረስ ቆረስ እናደርጋለን። እሱም አለቀ። ያ እኮ ከሁሉም የሚጣፍጠው ነው።

በዚህ ላይ አብሮ መብላት ራሱ ይጨምራል። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሔለን ራዶክና ባልደረቦቻቸው በ2019 ወደ 42 የሚሆኑ ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። ሰው ከወዳጆቹና ከቤተሰቡ ጋር ሲበላ ብቻውን ከሚበላው ያስበልጣል። ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሆን ግን ይህ ጭማሪ ጎልቶ አይታይም። ፍቅር ባለበት ሆድ ይሰፋል ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ ጥናት ባያስፈልገንም መረጋገጡ ደስ ይላል።

ጉርሻስ? ጉርሻ ከመጠን ጋር ሲታይ ልዩ ነገር ነው። የጉርሻውን መጠን የሚወስነው አጉራሹ ነው። የሚያጎርስህ ሰው ደግሞ ለራሱ ከሚጎርሰው አስበልጦ ነው የሚጠቀልልህ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል። እምቢ ማለት ነውር ነው። እኔ ጉርሻ ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። ጉርሻ የሌለበት የእናቴን ቤት ማሰብ አልፈልግም። ነገር ግን ጉርሻ ፍቅር መግለጫ ከሆነ ትንሽ ጉርሻም ይገልጸዋል። ይልቅ የሚያስፈልገው «በቃኝ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ አለመቆጠሩ ነው።

አሁን ሰዎች በብዛት ስለሚያወሩት ስለ ትንሽ ሳህን ልናገር። «ትንሽ ሳህን ተጠቀም፣ ትከሳለህ» የሚለውን ምክር ሳትሰሙት አትቀሩም። ትንሽ ሳህን ላይ ያው ምግብ ብዙ መስሎ ይታያል የሚል ነው ሐሳቡ። የዓይን ማታለሉ እውነት ነው። ቤልጂየማዊው ዴልቤፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገልጾታል። ነገር ግን ይህን ምክር በዓለም ካሰራጩት ሰዎች ዋነኛው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በ2018 ባደረገው ምርመራ የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት ፈጽመዋል ብሎ ደምድሟል። ብዙ ጽሑፎቻቸውም ከመጽሔቶች ተሰርዘዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ሳህን ብቻ ቀይረው ሲፈትኑ ውጤቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። የሮልስ ቡድን ራሱ በ2007 ሞክሮ ልዩነት አላገኘም። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። ሳህኑ ትንሽ ቢሆንም ድስቱ አጠገብህ ካለ ደግመህ ትጨልፋለህ። ስለዚህ አዲስ ሳህን ለመግዛት አትቸኩሉ። ጥርጣሬው ያለው ሳህኑ ላይ እንጂ ምግቡ ላይ አይደለም። ብዙ ምግብ ሲቀርብ ብዙ ይበላል የሚለው ግን በብዙ ቦታ፣ በብዙ ሰው እጅ ተደጋግሞ ታይቷል። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም በ2015 72 ጥናቶችን መርምሮ ያረጋገጠውም ይህንኑ ነው። የምግብ፣ የማሸጊያና የዕቃ መጠን በሁሉም ቦታ ቢቀንስ የእንግሊዝ ጎልማሶች በቀን የሚወስዱት ካሎሪ ጎላ ባለ መጠን ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል።

በሁሉም ቦታ ማስቀነስ ግን ቀላል አይደለም። የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበሩት ማይክል ብሉምበርግ በ2012 ሞክረውታል። ምግብ ቤትና ሲኒማ ቤት ከ16 አውንስ፣ ማለትም ወደ 470 ሚሊ ሊትር፣ በላይ በሆነ ዕቃ ስኳር ያለው መጠጥ እንዳይሸጡ የሚል ደንብ ነበር። ሕዝቡ ተጯጯኸ። በ2014 የግዛቲቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የከተማዋ ጤና ቦርድ ይህን የማድረግ ሥልጣን የለውም ብሎ ደንቡን ጣለው። ለነጋዴው ደግሞ ትልቅ መጠን መሸጥ ያዋጣዋል። ድንቹ ርካሽ ነው፤ ውድ የሆነው ኪራዩና የሰው ጉልበቱ ነው። ጥቂት ብር አስጨምሮ ብዙ መስጠት ለሁለቱም ትርፍ ይመስላል።

እኛ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? እኔ የሠራልኝን ልንገራችሁ። ውሳኔውን ወደ ኩሽና መለስኩት። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ራሴን መቆጣጠር አልችልም፤ ጥናቶቹም አብዛኛው ሰው እንደማይችል ነው የሚያሳዩት። ጥፋቱ የወኔ ማነስ አይደለም። ስለዚህ ሳይቀርብ በፊት ነው የምወስነው። ትሪው ላይ ድሮ ከምናነጥፈው አንድ እንጀራ እንቀንሳለን። ድስቱ ጠረጴዛ ላይ አይመጣም። የሚጨመር ካለ ተነሥቶ ኩሽና ሄዶ ነው። መነሣቱ ራሱ «እውነት ርቦኛል?» ብሎ ያስጠይቃል። ምግብ ቤት ስሄድ ደግሞ አሜሪካ ካለች የአክስቴ ልጅ የተማርኩትን አደርጋለሁ። እሷ ምግቡ እንደቀረበ፣ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ፣ ግማሹን በዕቃ ታስቋጥራለች። በልታ ከጨረሰች በኋላ ከሆነ የሚቋጠር ነገር አይኖርማ!

«የተረፈው ይደፋ?» የሚለው ስጋት ከባድ ነው። እህል አይደፋም፤ እኔም በዚህ አምናለሁ። ግን እኮ አያቶቻችን ለዚህ መልስ ሰጥተውበታል። የተረፈ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ወጡ ነገ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል። የተረፈው ሁሉ ዛሬውኑ ሆዳችን ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

የመጠን ጉልበት ለክፉ ብቻ አይደለም፤ ለደግም ይሠራል። ይሄኛው ክፍል ብዙ አይወራም፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስደስተው ነው። በ2004 በወጣ ሌላ የሮልስ ቡድን ጥናት ሰዎች ከፓስታ በፊት ትልቅ ሳህን ሰላጣ በሉ፤ ዘይትና ቺዝ ያልበዛበት። በጠቅላላ ምሳው ላይ የወሰዱት ካሎሪ በ12 በመቶ ቀነሰ። ማንም ቀንስ አላላቸውም። ገና ትምህርት ላልጀመሩ ልጆችም ከምሳ በፊት ካሮት ሰጥተዋቸዋል። በ30 ግራም ፋንታ 60 ሲቀርብ ልጆቹ 47 በመቶ ተጨማሪ ካሮት በሉ። ጥናቱ የ2010 ነው። በያይነቱ ላይ ይህን መሥራት እንዴት ይቀላል! ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን፣ ሰላጣውን አስፍቶ መሀል ማድረግ ነው። ሽሮው ጠበብ ይበል። ትሪው እንደሞላ ነው። ዓይንም አይራብም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አወራኋት። መጀመሪያ ተቆጣች። «አንተ፣ ልጄን በረሃብ ልትገድላት ነው?» አለች። ከዚያ ዝም ብላ አሰበች። ያለፈው እሁድ እንደገና ተሰበሰብን። ለልጅቷ ሁለት ጭልፋ ብቻ አደረገችላት። ልጅቷ በላች፣ ጨረሰች፣ ሳህኗን አነሣች። «እማማ፣ ጨምሪልኝ።» እናቴ ፊቷ በራ። ደስ እያላት አንድ ጭልፋ ጨመረችላት። ልጅቷ ከዚያ ላይ ሁለት ሦስት ጉርሻ በልታ «ጠገብኩ» አለች።

እናቴ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። ሁላችንም አየናት። ጠቀለለች። ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ አፏን ዘግታለች። እናቴ ጉርሻውን እንደያዘች ትንሽ ቆየችና «ይሁን፣ በቃሽ» አለቻት። ሳህኑን አንሥታ ይዛው ወደ ኩሽና ሄደች።